የዘኪያ ስም በሦስተኛው ዓምድ

በእድራችን መዝገብ ላይ ለብዙ ዘመን ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ያለና የሞተ። ሦስተኛውን ዓይነት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስፈጥረውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ የዚያን ቀን ራቴን አጣጥሜ በላሁ።

ኢብራሂም እባላለሁ። በጃንሆይ ዘመን ጋምቤላ ገበያው ዳር አቡጀዲና ክር የምሸጥ ነጋዴ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ የሙስሊም ነጋዴዎች እድር ጸሐፊ አደረጉኝ። የእጅ ጽሑፍ ማማር ሰውን ብልህ እንደማያደርግ የተማርኩት ከእትዬ ዘኪያ ነው። የማጫውታችሁም ስለ እሷ ነው።

እትዬ ዘኪያ ከጅማ በኩል ከባሏ ጋር መጥታ፣ ባሏን እዚሁ ጋምቤላ ቀብራ የቀረች ሴት ነበረች። ሱቋ ከእኔ ሱቅ ሦስተኛው ነው። ጨውም ሳሙናም ላምባም ትሸጣለች፤ የታወቀችው ግን በዶቃ ነበር። የአኝዋክ ሴቶች ዶቃ ሲመርጡ እንደ እኛ ዝም ብለው አይገዙም፤ ያገላብጣሉ፣ ይተዋሉ፣ ሄደው ይመለሳሉ። እኔ ብሆን ቀትር ሳይደርስ ተጣልቼ አባርራቸዋለሁ። እሷ ግን የየትኛው መንደር ሴት የትኛውን ቀለም እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ቋንቋቸውንም ከሁላችንም በላይ ትናገራለች። እንዲያውም ትሳደብበታለች፤ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ።

በእድራችን ደግሞ ቁልፍ ያዥ እሷ ነበረች። ድንኳኑ፣ ሁለቱ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ሰሃኑ፣ ምንጣፉ የሚቀመጥበት የዕቃ ቤት ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል። ሰው ሲሞት ኦሞድ የሚባለው ጥሩምባ ነፊያችን ይወጣል። የእኛ እድር ልማድ እንዲህ ነው፦ ኦሞድ በየአባሉ ደጃፍ ይቆማል፣ አንዴ ይነፋል፣ ስም ይጠራል፣ መልስ እስኪሰማ ድረስ አይንቀሳቀስም። ስሙ ሳይጠራ የታለፈ ሰው ለቀብር አልተፈለገም ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ከዚህ የባሰ ስድብ አልነበረም። እትዬ ዘኪያን ጠርቶ የጨረሰበት ቀን ግን የለም። ገና ጥሩምባውን ከአፉ ሳያወርድ ከውስጥ ትጮህበታለች።

«ኦሞድ ሆዬ፣ ጆሮዬ ደህና ነው! ጎረቤቶቼን ቀስቅስ!»

ከዚያ ቀኝ እጅጌዋን ጠቅልላ ከሁሉ ቀድማ ለቅሶ ቤት ትደርሳለች። ያንን ትልቅ ድስት እንደ እሷ የሚያማስል አልነበረም። ሐዘንተኛ የምታጽናናው በቃል አይደለም፤ ቃልም አታበዛ። «ብላ» ትላለች፤ ሰውየውም ይበላል።

አሁን ወደ ሕመሟ ልምጣ። ወንድ ልጅ ስለ ሴት ጡት አያወራም ይባላል። እኔ ዝምታው ስንት ሴት እንደቀበረ ስለማውቅ አወራለሁ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ቀኝ ጡቷ ውስጥ አንድ ነገር አገኘች። አራት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እሷ ራሷ ለሌላው ትናገረው ነበር፤ ለራስ ሲሆን ተረቱ ይጠፋል። ያወቀባት አጁሉ ናት። አጁሉ ከባሮ ማዶ ባለው የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር የነበረች፣ ጴንጤ የሆነች አኝዋክ ሴት ናት፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ታዋልዳለች። አንድ ሰኞ ዶቃ ልትገዛ መጥታ እትዬ ዘኪያ የጨው ከረጢት ስታወርድ ፊቷ ሲለወጥ አየች። ዶቃውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ስትወጣ እንዲህ አለች፦

«ዛሬ ሰኞ። ዓርብ አውሮፕላን አለ። አንቺ አለሽ ውስጡ።»

እትዬ ዘኪያ አዲስ አበባ ሄደች። ነቀርሳ ነው አሏት፤ ቀኝ ጡቷን ቆርጠው አወጡላት። በአርባኛው ቀን ገደማ ተመለሰች። ቀጥናለች፤ አፏ ግን ያው ነው። «ግማሽ ደረቴ አዲስ አበባ መሬት ገዝቷል፤ እኔ እዚህ በኪራይ እኖራለሁ» ብላ እናቴን አሳቀቻት። እናቴ ሀያቱ ከእኔ ጋር ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ ባለው ቤት ትኖር ነበር፤ ከእትዬ ዘኪያ ጋር እንደ እህትማማች ነበሩ። ከሳቁ በኋላ ሁለቱም ሲያለቅሱ በመጋረጃው ውስጥ ሰማኋቸው።

ሐኪሙ አንድ ካርድ ሰጥቷት ነበር። በየስድስት ወሩ ወደ እሱ እንድትመለስ፣ በየወሩ ደግሞ አጁሉ እንድታያት ይላል። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ሰኞ በታንኳ ባሮን ተሻግራ አጁሉ ጋ ትሄዳለች። አጁሉ የቀረውን ጡት፣ ጠባሳውን፣ ብብቷን፣ አንገቷን በጣቶቿ ቀስ ብላ ትዳስሳለች። ክንዷ እንዳይደርቅም ሥራ ሰጠቻት፦ ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ታስኬዳለች፤ የደረሰችበት ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች። የሱቋ ግድግዳ በከሰል ሰረዝ ተሞላ። ደንበኛ ሲጠይቃት «ልጅ እያሳደግኩ ነው፤ ቁመቱን እየለካሁ» ትላለች። በስምንተኛው ወር ልጁ ከመደርደሪያው በላይ ደረሰ።

አዲስ አበባም በሐምሌ ሄደች፣ በጥርም ሄደች። «ምን ያደርግሻል?» ስላት፣ «ይዳስሰኛል፣ ይጠይቀኛል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ደህና ነሽ በስድስት ወር ተመለሺ ይለኛል» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። እስካሁን ምንም አልተበላሸም።

ያበላሸው በመጋቢት የመጣው የኢንሹራንስ ወኪል ነው፤ ወይም ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ነኝ። በመጋቢት ሙቀት ጋምቤላ ውስጥ ከረባት ያሰረ ሰው ያየነው ያን ጊዜ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ አስገባለሁ ብሎ ሱቄ ተቀመጠና ላቡን እየጠረገ ቅጾቹን ዘረጋ። የመጀመሪያዋ ፈላጊ እትዬ ዘኪያ ሆነች። ልጅ የላትም፤ ብትሞት ሰው ላይ ሸክም እንዳትሆን አስባ ነው። ወኪሉ ዕድሜዋን ጻፈ፣ ሥራዋን ጻፈ፣ ከዚያ ታመው ያውቃሉ ወይ አላት። ውሸት አታውቅ፣ ነገረችው። ብዕሩን ከደነው።

«እሜቴ፣ ድርጅቱ ታማሚ አይቀበልም።»

«አልታመምኩም እኮ። ታምሜ ነበር ነው ያልኩህ።»

«ሐኪም ጋ ይመላለሳሉ?»

«በየስድስት ወሩ።»

«እንግዲያው ታማሚ ነዎት።»

እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች። ወኪሉ ሰምቶ ቀላ። እትዬ ዘኪያ ግን ነጠላዋን አስተካክላ «አይዞህ ልጄ፣ ውሃ ልስጥህ፤ በዚህ ማሰሪያ ታንቀህ ትሞትና ድርጅትህ ይከስራል» ብላ ውሃ ሰጠችው።

ሰውየው ሄደ። ቅጹ ግን ዓይኔ ላይ ቀረ። እንዴት ያለ ቅጽ! መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ዓምድ በዓምድ። የእኔ መዝገብ አጠገቡ የመንደር ወረቀት መሰለኝ። በዚያው ሳምንት አዲስ መዝገብ ገዝቼ በቀይ ቀለም ዓምዶች አሰመርኩ። ጤነኛ፣ የሞተ፣ ሦስተኛው ደግሞ ታማሚ። ለታማሚው ደንብ አረቀቅሁ፦ መዋጮ አይጠየቅም፣ ሥራ አይታዘዝም፣ ጥሩምባ ነፊም ደጁ ቆሞ አያስደነግጠውም። በጉባኤ ሳነበው ሰዉ አጨበጨበ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ፈረጅ «ጸሐፊያችን አንጀቱ ሩኅሩኅ ነው» አሉ። ልቤ አበጠ።

በታማሚ ዓምድ ሁለት ሰው ጻፍኩ። አንዱ እግሩን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ነው፤ መዋጮ ቀረልህ ሲባል እጄን ሳመ። ሁለተኛዋ እትዬ ዘኪያ ናት። እሷን አላማከርኳትም። ደስ ይላታል ብዬ ነው። ቁልፉንም እንድታመጣ ሰውዳን ላክሁ፤ ሰውዳ ጎረቤታችን የሆነች ታዛዥ ወጣት ሴት ናት። «እርስዎ እንዲያርፉ ነው» በይ አልኳት። እንደዚያው አለች። እትዬ ዘኪያ ክሩን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከገበያው በላይ አንድ አባል ሞተ። ኦሞድ ወጣ። እኔ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ነበር። የእኔን ስም ጠራ፣ ቀጥሎ ያለውን ጠራ፣ እትዬ ዘኪያ ደጅ ሲደርስ ጥሩምባውን በብብቱ አድርጎ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ አለፈ። ሰው የተኛበት ቤት ነበር የመሰለው። እሷ እጅጌዋን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኦሞድ አቀርቅሮ አለፋት፣ እሷም አየችው፣ እኔም ሁለቱንም አየሁ። አሁን ሳስበው ያኔ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን «እንኳን አረፈች» ነው ያልኩት።

ሳትጠራ ሄደች። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ማማሰያውን ከእጇ ወስደው፣ «ተይ እትዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ብለው ምንጣፍ ላይ ትራስ አስደግፈው አስቀመጧት። እንደ እንግዳ ሻይ ሰጧት። ጠጥታ፣ አመስግና ቤቷ ገባች። ማግስቱን ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ፦

«ሀያቱ፣ ለቀስተኛ ሆኜ ሄጄ ሟች ሆኜ ተመለስኩ።»

እናቴ ያን ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ ሰሃኑን ወረወረችው ማለት ይቻላል። «ምን አጠፋሁ?» ብላት፣ «ምንም! የእጅ ጽሑፍህ ያምራል!» አለችኝ።

ከዚያ እትዬ ዘኪያ ራሷ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ኢብራሂም፣ ከዚህ ከታማሚ ዓምድ ሰው የሚወጣው በምንድን ነው?»

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ሐኪም ድናለች ብሎ ከጻፈልሽ በዚያው ቀን» አልኳት።

በሐምሌ አዲስ አበባ ሄዳ ሐኪሙን ለመነችው። እሱም እየተከታተልኩሽ ሳለ ድናለች ብዬ አልጽፍም አላት። ካርዷን ይዛ መጥታ አሳየችኝ። «ደህና ናት ብሏል፣ አንብበው» አለችኝ። አነበብኩ። ከሥሩ «በስድስት ወር ትመለስ» ይላል። እኔ የተማርኩት ሰው ምን አልኩ መሰላችሁ? «የዳነ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል?» አልኳት። ካርዱን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደች። እንደዚያ ወኪል ሆኜ ነበር፤ የጎደለኝ ከረባት ብቻ ነው።

ጥር ደረሰ። ማክሰኞም ዓርብም አውሮፕላን መጣ፤ እትዬ ዘኪያ ሱቋን ከፍታ ዶቃ ስትሰካ ትውላለች። በሦስተኛው ሳምንት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጨርሻለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መመላለሱን። አዲስ አበባም አልሄድም፣ ባሮንም አልሻገርም። ክትትል የሚባል የለኝም። አሁን ምንድን ነኝ?»

ብዕሬን አነሳሁ። ከታማሚ ሰርዤ ጤነኛ ዓምድ ውስጥ በሚያምረው ጽሑፌ ዘኪያ ብዬ ጻፍኩ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ያንን ቁልፍ ሰውዳ ራሷ አመጣችላት፤ ሰውዳ ደግሞ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። በዚያ ወር ሰው ሞተና ኦሞድ ደጇ ቆሞ እንደ ቀድሞው ነፋ። «ጆሮዬ ደህና ነው!» ስትል መንደሩ ሁሉ ሰማ። እኔም ፈገግ አልኩ። ማንም ሰው ያላያትን፣ ማንም ያልዳሰሳትን ሴት በቀለም አድኛት እኮ ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አጁሉ ሱቄ ገባች። ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ጫፉ በታንኳው ውሃ ርሷል። ደንበኛ ነበረኝ፤ አላየችውም።

«አንተ ነህ ጸሐፊ?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ዘኪያ ሁለት ወር አልመጣችም። እኔ መጣሁ። ለምን አልመጣሽም አልኳት። ዳንኩ፣ መዝገብ ላይ ተጽፏል አለች። ማን ጻፈ አልኳት። ኢብራሂም አለች።» እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አሳየችኝ። «እኔ በዚህ ነው የማየው። አንተ በምን አየህ?»

መዝገቡን ወደ ደረቴ ሳብኩት።

«አሁን አየኋት» አለች አጁሉ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብብት ውስጥ አለ። ሽምብራ ያህላል። ጥር ላይ ብትሄድ ዳክተሩ ያገኘው ነበር። ቢሆንም ትንሽ ነው። ትንሽ ጥሩ ነው። ትልቅ ሲሆን ጥሩ አይደለም። ከነገ ወዲያ አውሮፕላን አለ። አልሄድም አለች።»

«ለምን?»

«ከሄድኩ ቁልፍ ይወስዳሉ፣ ኦሞድ ደጄን ያልፋል አለች። ሰው ሳለሁ ልሙት አለች።»

ደንበኛዬ አቡጀዲውን ትቶ ወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ይመልሳል፤ እኔ የሰረቅሁት ጊዜ ነበር። አጁሉ ትንሽ አየችኝና መቆጣቷ በረደ መሰለኝ፣ «ቀይ መስመር አንተ ሠራህ። አንተ አጥፋው» ብላኝ ወጣች።

ወደ እናቴ ገባሁ። ሁሉንም በመጋረጃው ሰምታለች። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አለችኝ። «ዛሬውኑ ሰብስባቸው። ነገ እንዳትለኝ።»

ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ በማንጎው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኩ፤ ራሴን ሳልምር። ስለ ሽምብራዋም ተናገርኩ፤ የሴት ገመና ነው ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበሩ፣ ግድ አልሰጠኝም። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቅሁ፦ ሦስተኛው ዓምድ ይሰረዝ፤ ለክትትል የሚሄድ አባልም መሳፈሪያውን ከእድሩ ያግኝ።

መጀመሪያ የተቃወመው እግሩን የሚያመው ሽማግሌ ነው። «ዓምዱ ከተሰረዘ እኔ መዋጮ ልከፍል ነው?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር።

ሐጂ ፈረጅ አልሳቁም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ወዳጅ ናቸው። «ኢብራሂም» አሉ፣ «እድር የቀብር ነው። አባቶቻችን ሲያቆሙት ሬሳ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብለው ነው። ዛሬ ለሕያው ከከፈልን ነገ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ይመጣል። ማን ሊያቆመው ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ የጥርሱን ነገር ተውኩት። ያለኝን ተናገርኩ። «ሐጂ፣ ይቺ ሴት ዓርብ ካልሄደች እንቀብራታለን። ያን ጊዜ ከፈኑንም ድንኳኑንም የሦስት ቀኑንም ምግብ እናወጣለን፤ ማንም አይከራከርም፤ እርስዎም በደስታ ይፈርማሉ። ከዚያ ያነሰውን ዛሬ በሕይወት ሳለች ብናወጣ አባቶቻችን ምን ይሉናል?»

መቁጠሪያቸውን አወጡ። በዚህ መሐል እትዬ ዘኪያ መጣች። ማንም አልጠራትም፤ ያልተጠራችበት ቦታ መሄድ ለምዳለች። ሴቶቹ ጋ አልተቀመጠችም፣ ቆመች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር።

«ስለ እኔ እያወራችሁ እንደሆነ ሰማሁ» አለች። «እኔ ብር አልጠየቅኋችሁም። ሱቅ አለኝ። ፈርቻለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ሞትን አይደለም፤ እሱ የአላህ ነው። ሳልሞት መሞቱን ነው የፈራሁት። ሁለት ዓመት ሐኪም ጋ ስመላለስ ይህን ክንዴን በግድግዳ ላይ በጣት በጣት አሳድጌ ወደ ድስቱ የመለስኩት ለምን መሰላችሁ? ትራስ ላይ ለመቀመጥ ነው? እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኦሞድ ደጄን አይለፍ።»

ኦሞድ ከማንጎው ግንድ ጀርባ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ጥሩምባውን ሲያሻሽ አየሁት። ሰውዳ ሳታስበው ብድግ አለች። በጉባኤ ተናግራ አታውቅም። «ቁልፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች፤ «ስወስደው እጄን አቃጠለኝ። ሁለተኛ አልወስድም፤ ብታባርሩኝም አልወስድም።» ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ሐጂ ፈረጅ መቁጠሪያቸውን ሁለት ዙር ጨረሱ። ከዚያ «መዝገቡን አምጣ» አሉኝ። ማስመሪያዬንም ጠየቁኝ። በገዛ እጃቸው በሦስተኛው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ጎተቱበት፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ጠማማ ሆነ። በዚያ ባማረ መዝገቤ ላይ እንደዚያ ጠማማ መስመር የሚያምር ነገር አላየሁም።

«ስሙኝ» አሉ። «ከብቱን ጅብ እንዳይበላበት ማታ ማታ ዞሮ የሚያይ ሰው፣ ከብቱ ተበልቶበታል አይባልም። ይቺም ሴት የምትመላለሰው ራሷን ልትጠብቅ ነው። እንግዲህ በእድራችን ያለና የሞተ ብቻ ነው ያለው። ያለ ሰው ይጠራል። ሐኪም ተመለስ ያለው አባል ደግሞ ይመለሳል፤ መሳፈሪያው ከእድሩ ነው። የጥርሱን ነገር ሲመጣ እናየዋለን።» ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ «አንተም መዋጮህን ታመጣለህ» አሉት።

ዓርብ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ሸኘናት። አጁሉም መጥታ ነበር፤ ለሐኪሙ የጻፈችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ሰጠቻት። እትዬ ዘኪያ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ራሷ ለሰውዳ አጠለቀችላት። «ይህ አደራ ነው። ስመጣ እቀበልሻለሁ» አለቻት። ወደ እኔ መጥታም፣ «አንተ ደግሞ ተመልሼ እስክመጣ ማስመሪያ እንዳትነካ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፤ እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሜዳው ላይ ቆሜ ያ ሽምብራ እንዳያድግ ለመንኩ። ለሽምብራ ዱዓ ያደረገ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በሦስት ሳምንቷ ተመለሰች። ብብቷን ከፍተው አውጥተውላታል። ያው ነቀርሳው ነው፤ ግን ገና አልተስፋፋም ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ በጥር አለመምጣቷን ተቆጥቷት፣ ቀጥሎ የአጁሉን ወረቀት አንብቦ፣ «ይህን የጻፈችው ማን ናት? በእጇ ነው ያገኘችው?» ብሎ ተገረመ አሉ። ካርዷን ለወጠው፤ አሁን በየሦስት ወሩ ሆነ። ክንዷም ከመደርደሪያው ወርዶ ነበርና ግድግዳው ላይ ከታች ጀምራ እንደገና በከሰል አሳደገችው። በሁለተኛው ዓመት ሐኪሙ ወደ ስድስት ወር መለሳት፣ በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ አላት። በሄደች ቁጥር ቁልፉን ለሰውዳ ታጠልቃለች፣ ስትመለስ ትቀበላለች። ከእሷ በኋላ ሦስት ሴቶች ጡታቸው ላይ ያገኙትን ገና ትንሽ ሳለ ለአጁሉ አሳዩ። ቀድሞ ቢሆን ይደብቁት ነበር፤ አሁን ግን ደጃቸው እንደማይታለፍ አወቁ።

እናቴ ሀያቱ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት በሰኔ ሞተች። ዕድሜዋን ጨርሳ ነው፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ልማድ ሆኖብኝ መዝገቡን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ብዕሩን ያዝኩ። ስሟን ካለበት ዓምድ ወደ ሟቾች ዓምድ ማሻገር ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ከውጭ የኦሞድ ጥሩምባ ይሰማኛል። ከደጅ ወደ ደጅ እየቀረበ መጣ። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ሲደርስ ነፋ፣ «እትዬ ዘ...» ከማለቱ ድምፅዋ መጣ፦ «ኦሞድ ሆዬ፣ ጆሮዬ ደህና ነው! ማን ነው?» ኦሞድ ነገራት። ከዚያ የሱቋ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ከሁሉ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ እጅጌዋ ግን ተጠቅልሏል፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። እናቴ ፊት ተንበርክካ ግንባሯን ሳመቻት፣ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ጉልበቴ ላይ የተከፈተውን መዝገብ አየችው። ብዕሩን ከጣቶቼ መሐል አወጣች፣ መዝገቡን ዘጋችው።

«ዛሬ ታማሚው አንተ ነህ» አለችኝ። «ከአንተ ሥራ አይጠየቅም። ቁጭ በል።»

ትራስ አምጥታ ከኋላዬ አደረገችልኝ። እኔም ተደግፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ነገ ግን ጠርተን እናስነሳሃለን ብላኝ፣ ድስቱን ልታወጣ ሄደች።